ስለ ፈታኝ መኪናዎች ታሪክ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር)



አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለመቅጠር በፈለገ ጊዜ አመልካቹን ከጽሕፈት መኪና፣ ወይም ዛሬ እንደ ተለመደው ከኮምፒዩተር ፊት አስቀምጦ ደብዳቤ ያስጽፈዋል። የመንጃ ፈቃድም የሚሰጠው ሰውዬው መሪ ጨብጦ አውቶሞቢሉን ሲነዳ ከታየ በኋላ ነው። የቅኔ ተማሪም ቢሆን ቅኔ ማወቁ የሚታወቀው ስለ ቅኔ ተጠይቆ በሚሰጠው መልስ አይደለም፤ ሲቆጥር ውሎ ከርሱ በፊት ማንም ያልተናገረውን አዲስ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፤ ጉባኤ ቃናውን ሲችል ወደሚቀጥለው ያልፋል። በነዚህ በሦስቱ ፈተናዎች ውስጥ ተፈታኙ የሚጠየቀው ሥራውን ራሱን እንዲሠራ ነው። የትምህርት ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ፈተና እውነተኛ ምዘና ብለው ይጠሩታል።

የዛሬው ንግግራችን፣ ይህ እውነተኛ ምዘና በመኪና፣ ይልቁንም በኮምፒዩተር ሊፈጸም ይችላልን የሚለው ጥያቄ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለመግለጽ ነው። ነገሩ አብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ ስለ አገራችን በምንናገርበት ስፍራ ካልሆነ በቀር ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አድማጮቻችን ልብ ይሉልናል።

ታሪኩ የሚጀምረው ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ አስቀድሞ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የተማሪው ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሲሄድ መምህራኑ የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ አንድ በአንድ እያነበቡ ለማረም ጊዜ አጠራቸው። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። በ1912 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ የፈተና ወረቀት አባዝተው በየትምህርት ቤቱ ላሉ መምህራን እንዲያርሙት ላኩ። ያንኑ አንድ ወረቀት አንዱ መምህር ከመቶ 50 ሲሰጠው ሌላው 97 ሰጠው። የልጁ ዕድል የተንጠለጠለው በዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ በደረሰው መምህር ጠባይ ላይ ጭምር መሆኑ በግልጥ ታየ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የመጡትን ሰዎች፣ ፈተናን ወደ ምልክት አወረዱት ብለን ከመንቀፋችን በፊት፣ ይሸሹት የነበረው አድልዎ ምን ያኽል እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

በ1915 ገደማ በካንሳስ ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ ሰው የንባብ ፈተና አዘጋጀ። በዚህ ፈተና ተማሪው ከቀረቡለት መልሶች መካከል አንዱን ብቻ መርጦ ምልክት ያደርጋል፤ ትክክል የሚሆነውም አንድ መልስ ብቻ ነው። ማንም አረመው ማን ነጥቡ ያው ነው። ሁለት ዓመት ሳይቈይ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባችና ሠራዊቱ በዚሁ ስልት 1.7 ሚሊዮን ያኽል ወታደሮችን ፈተነ። ከጦርነቱ በኋላ የምርጫ ፈተና የትምህርት ቤቶች ሁሉ ገንዘብ ሆነ። ደጉ ነገር፣ ኬሊ ራሱ በ1928 የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ ትምህርትን እንዲህ ቈራርጦ የመስጠትን መንገድ የሚቃወም ሰው ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሰሚ አላገኘም፤ መንገዱ ለሁሉም ተመችቶ ነበርና።

ለዚሁ ለተመቸው መንገድ መኪናውን የሠራለት ሬይኖልድ ጆንሰን ነው። ጆንሰን በሚሺጋን፣ አይረንውድ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበር። በልጅነቱ ከእኅቶቹ ዘንድ የሚመጡትን ጐረምሶች ለማስቸገር በአውቶሞቢላቸው ካንዴላ ላይ በእርሳስ ይሞነጫጭር ነበር ይባላል። እርሳስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ እሳቱ በምልክቱ በኩል ይጠፋና ሞተሩ እንቢ ይላል። ጆንሰን ይህንኑ የልጅነት ተንኰል ካደገ በኋላ ለቁም ነገር አዋለው። የተማሪው የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ ምልክቱ በትክክለኛው ስፍራ መኖር አለመኖሩን ኤሌክትሪክ ሊናገር ይችላል ማለት ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ሐሳቡን ገዝቶ እርሱንም በ1934 በመሐንዲስነት ቀጠረው። በ1938 ለገበያ የቀረበችው 805 የተባለችው መኪና 150 ጥያቄ፣ ለያንዳንዱም አምስት አምስት ምርጫ የያዘ ወረቀት ትቀበላለች፤ ነጥቡም በሰዓት ፊት ላይ እንዳለ በመርፌ ይታያል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ 800 ያኽል ወረቀት ያርምባት ነበር። ይኸው ጆንሰን ኋላ በ1956 የኮምፒዩተርን የመዝገብ ዲስክ የፈጠረውን ቡድን የመራ ሰው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ ይገባል፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በአገራችን ብሔራዊ ፈተና የተቀመጠ ሰው ሁሉ የመልሱን ክብ በእርሳስ ማጥቈርን ያውቀዋል። ዛሬ ወረቀቱን የሚያነበው ብርሃን እንጂ እንደ ጆንሰን መኪና ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ስልቱ ግን አንድ ነው። መኪናው የሚያየው ጥቁረቱን ብቻ ነው። ተማሪው አስቦ ያጥቍረው፣ ገምቶ ያጥቍረው፣ ወይም ከጐረቤቱ ገልብጦ ያጥቍረው፣ ለመኪናው ልዩነት የለውም። በዚህም ላይ አንድ ሌላ መዘዝ ተከተለ፤ በእርሳስ ሊጠቈር የማይችለው ነገር ቀስ በቀስ ከፈተና ወጣ፤ ከፈተና የወጣው ደግሞ ከክፍል ወጣ። መምህር ምን ጊዜም የሚያስተምረው የሚጠየቀውን ነውና።

ኮምፒዩተር በተፈጠረ ጊዜ ይህ ሁኔታ ይለወጣል ተብሎ ተስፋ ተደርጐ ነበር። በ1966 በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ኤሊስ ፔጅ የተባለ፣ ቀድሞ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር የነበረ ሰው፣ ኮምፒዩተር የተማሪን ድርሰት እንዲያርም ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ኮምፒዩተሩ ድርሰቱን አይረዳውም ነበር፤ የድርሰቱን ርዝመት፣ የነጠላ ሰረዙን ብዛት፣ የቃላቱን ፊደል ቍጥር ይለካና መምህራን ይሰጡት የነበረውን ነጥብ ይገምታል። የሚያስደንቀው ነገር ግምቱ ከመምህራኑ ነጥብ ጋር ብዙ መቀራረቡ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሰውዬውን ቁመት ለማወቅ ጥላውን እንደ መለካት ያለ ሥራ ነው፤ ሰውዬው መለካቱን ባላወቀ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በ2014 ሌስ ፔረልማን የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ከተማሪዎች ጋር ሆኖ አንዳችም ትርጉም የሌለው፣ ነገር ግን በረዣዥም ቃላት የተሞላ ድርሰት የሚደርስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ። አራሚው ኮምፒዩተር ለዚህ ቅዠት ከፍ ያለ ነጥብ ሰጠው። አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን ሌላው ኮምፒዩተር ሲያመሰግነው፣ ሁለቱም ግን ምን እንደ ተባለ ሳያውቁ ቀሩ።

እውነተኛ ምዘና የሚለው ሐሳብ ስም አግኝቶ በሰፊው መነገር የጀመረው ከ1989 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ግራንት ዊጊንስ የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ጸሐፊ፣ ፈተና ማለት ተማሪው በሙያው የሚገጥመውን እውነተኛ ሥራ የሚመስል መሆን ይገባዋል ሲል ጽፎ ብዙ ተከታይ አገኘ። ነገር ግን ዊጊንስ ስም ከማውጣቱ ከስልሳ ዓመት በፊት፣ ከትምህርት ቤት ውጪ፣ ሥራን የሚያስመስል መኪና ተፈጥሮ ነበር። አሁን ወደዚያ እንመለስ።

በኒው ዮርክ፣ ቢንግሃምተን በተባለ ስፍራ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ የነበረው ቤተ ሰብ ልጅ ኤድዊን ሊንክ፣ በኦርጋን ውስጥ ነፋስ በሚያመላልሰው መሣሪያ ተጠቅሞ መሬት ሳይለቅ የሚያዘነብል፣ የሚዞር፣ አፍንጫውን የሚያነሣና የሚደፋ ትንሽ አውሮፕላን መሰል መኪና በ1929 ሠራ። መጀመሪያ ላይ የገዙት የመናፈሻ ቦታ ባለቤቶች ነበሩ፤ እንደ መጫወቻ ተቈጠረ። በ1934 ግን የአሜሪካ ሠራዊት የአየር ፖስታ እንዲያመላልስ ታዘዘና፣ በመሣሪያ እየተመሩ በጨለማና በደመና መብረርን ያልተማሩ ብዙ አብራሪዎች ተከስክሰው ሞቱ። ሠራዊቱም በዚያው ዓመት ከሊንክ መኪና ስድስት ገዛ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የዚህ የመጫወቻ ልጅ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚፈተኑበት፣ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀሰው የበረራ ማስመሰያ፣ ሞተር ሲቃጠል፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ ጐማ ሲፈነዳ አብራሪው የሚያደርገውን እያንዳንዱን ነገር ያያል፤ ይመዘግባል። በዚያ ክፍል ውስጥ እሳት በተነሣ ጊዜ ከሚከተሉት አራት ምርጫዎች የትኛው ትክክል ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት መኪና ተፈጠረ ማለት ነው። የጆንሰን መኪና መልስን ትቈጥራለች፤ የሊንክ መኪና ሥራን ታስመስላለች። ኮምፒዩተር የሁለቱም ወራሽ ነው። ሁለቱ በአንድ ፈተና ውስጥ የተገናኙበትና የታገሉበት ስፍራ ደግሞ የአሜሪካ የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና።

በ1915 በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና መርማሪዎች ቦርድ ተቋቋመ። የቦርዱ የመጀመሪያ ፈተና በ1916 በዋሽንግቶን ሲሰጥ አንድ ሳምንት ያኽል ፈጀ። አሥር ሰዎች ተቀምጠው አምስቱ አለፉ። ተፈታኙ ጽሑፍ ይጽፋል፣ በላቦራቶሪ ይሠራል፣ ከዚያም ከእውነተኛ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ በሽታውን እንዲመረምር ይደረግና መርማሪው ሐኪም እያየ ይጠይቀዋል። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ፈተና ሊኖር አይችልም። ነገር ግን አሥር ሰው የነበረው ተፈታኝ በሺህ የሚቈጠር ሲሆን ችግሩ መጣ። ለአንዱ ተፈታኝ የደረሰው በሽተኛ ሕመሙ ግልጥና ራሱም ተናጋሪ፣ ለሌላው የደረሰው ሕመሙ ስውርና ቃል የማይወጣው ሊሆን ይችላል። አንዱ መርማሪ ቸር፣ ሌላው ቈጣቢ ነው። ቦርዱ ነጥቦቹን ባመሳከረ ጊዜ ሁለት መርማሪዎች ለአንድ ተፈታኝ የሰጡት ነጥብ እምብዛም የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። በ1912 በእንግሊዝኛው ወረቀት የታየው ነገር በሐኪሞቹም ላይ ታየ ማለት ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦርዱ ድርሰቱን ትቶ የምርጫ ጥያቄ ያዘ። ከ1961 ጀምሮ ደግሞ በጆን ሃባርድ መሪነት የአልጋ አጠገቡን ፈተና በሌላ ለመተካት ተነሣ። የተገኘው ዘዴ ብልሃት የሞላበት ነበር። ተፈታኙ የአንድ በሽተኛ ታሪክ በወረቀት ላይ ይቀርብለታል፤ ከሥሩም ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ብዙ ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ከያንዳንዱም አጠገብ የተሸፈነ ጽሑፍ አለ። ደም ይመርመር ብሎ የመረጠ እንደ ሆነ ሽፋኑን በላጲስ ይፍቀዋል፤ ውጤቱም ይገለጥለታል። በተገለጠለት መሠረት ወደሚቀጥለው ውሳኔ ይሄዳል። የፋቀውን መልሶ መሸፈን አይቻልም፤ ሐኪም ያደረገውን እንዳላደረገ ማድረግ እንደማይቻል ሁሉ። ኮምፒዩተር በየስፍራው ባልነበረበት ዘመን ይህ ወረቀትና ላጲስ የኮምፒዩተርን ሥራ ሠሩ ማለት ይቻላል።

ዳሩ ግን ሁለት ጉድለት ተገኘበት። አንደኛው፣ ዝርዝሩ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ያልታሰበው ነገር በዓይን ፊት ተጽፎ ይታያልና። ብዙ የፋቀም ብዙ ነጥብ ያገኝ ስለ ነበረ፣ ጥንቁቁ ሐኪም ሳይሆን ሁሉን የሚነካካው ተጠቀመ። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይልቃል። በ1978 አርተር ኤልስታይንና ባልደረቦቹ ስለ ሐኪሞች አስተሳሰብ ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጡት፣ አንድ ሐኪም በአንዱ በሽተኛ ላይ ብልህ ሆኖ መገኘቱ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚሆን ብዙም አይናገርም። የልብ በሽታን በሚገባ ያከመው ስለ ኩላሊት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በሦስት ወይም በአራት ረዣዥም ጉዳዮች ብቻ የአንድን ሰው ሙያ መፍረድ፣ ጉዳዮቹ የቱንም ያኽል እውነተኛ ቢመስሉ፣ ዕጣ እንደ መጣል ይሆናል። የምርጫ ጥያቄ ደጋፊዎች ዋና ክርክር ይህ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ጥያቄ መጠየቅና የሕክምናን ዘርፍ ሁሉ መንካት ይቻላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተረታም። የላጲሱ ፈተናም በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀረ።

ከዚህ በፊት ግን ቦርዱ ኮምፒዩተርን በዚህ ሥራ ላይ ለማሰማራት ምርምር ጀምሮ ነበር። ምርምሩ ብዙ ዓመታት ፈጅቶ ፍሬው በፈተና ላይ የዋለው በ1999 ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና ሦስተኛው ደረጃ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረና፣ ከምርጫው ጥያቄ ጐን በኮምፒዩተር የሚመሰሉ በሽተኞች ገቡበት።

አሠራሩን ለመረዳት እንዲህ ያለውን ሁኔታ እናስብ። በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ አንድ ጐልማሳ ደረቱን ተጐድቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣቱ፣ ትንፋሹ መቈራረጡ፣ የደሙ ግፊት መውረዱ ይጻፋል። ከዚህ በኋላ ምንም ዝርዝር አይቀርብም። ተፈታኙ ማድረግ የሚፈልገውን ራሱ አስቦ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም በሺህ የሚቈጠሩ የሕክምና ትእዛዞችን ለይቶ ያውቃል። በክፍሉ ውስጥ አንድ ሌላ ሰዓት አለ፤ ይህ የበሽተኛው ሰዓት ነው። የሚንቀሳቀሰው ተፈታኙ ወደፊት ሲገፋው ብቻ ነው። አንዱ ተፈታኝ አስቀድሞ የደረት ራጅ አዝዞ ውጤቱን ለመጠበቅ ሰዓቱን ይገፋዋል፤ በዚያ መካከል በሳንባው ዙሪያ የታመቀው አየር ልቡን እየተጫነው በሽተኛው ይዳከማል፤ ሊሞትም ይችላል። ሌላው ግን ምልክቱን አይቶ ራጅ ሳይጠብቅ በደረቱ መርፌ እንዲገባና አየሩ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ራጁን ከዚያ በኋላ ያስነሣል። ሁለቱም በምርጫ ጥያቄ ላይ ቢጠየቁ ትክክለኛውን መልስ ሊመርጡ ይችሉ ይሆናል። ያንዱ ሐኪም ከሌላው መለየት የታየው በቅደም ተከተሉና በጊዜው ነው። ጊዜ ደግሞ በእርሳስ አይጠቈርም።

ነጥቡ እንዴት ይሰጣል የሚለውን አድማጮቻችን ሳይጠይቁ አይቀሩም። ኮምፒዩተሩ ተፈታኙ ያደረገውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። አስቀድሞ ሐኪሞች ተሰብስበው የብዙ ተፈታኞችን መዝገብ እያነበቡ ይፈርዳሉ፤ ከዚያም የነሱ ፍርድ በምን ላይ እንደ ቆመ በስታቲስቲክስ ይጠናና ኮምፒዩተሩ ለቀሩት ሺዎች ያንኑ ፍርድ እንዲከተል ይደረጋል። በበሽተኛው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ትእዛዝ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ሁሉን መነካካት እንደ ላጲሱ ዘመን አይጠቅምም። እያንዳንዱ ጉዳይ የሚሰጠው 10 ወይም 20 ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በአንድ ቀን 13 በሽተኞችን ማቅረብ ተችሏል። በሁለተኛው ጉድለት ላይ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ የምርጫ ጥያቄውም ከጐኑ አልቀረም። ሁለቱ መኪናዎች አብረው ይኖራሉ።

መቼም እውነት እንናገር ከተባለ የመስታወቱ በሽተኛ አያለቅስም፤ አይፈራም፤ የሚያፍርበትንም ነገር ለመናገር አያመነታም። ተፈታኙም እጁን በሆዱ ላይ አያሳርፍም፤ ሆዱ ይመርመር ብሎ ይጽፋል እንጂ። ይህን ለማሟላት ቦርዱ ሰውን ጠራ። በ1963 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ ሐኪም፣ ጤነኛ ሰውን አሠልጥኖ በሽተኛ መስሎ እንዲቀርብ የማድረግን ስልት ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች እንደ ቲያትር ቈጥረው ንቀውት ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን በ2004 ይኸው ስልት የፈቃዱ ፈተና አንድ ክፍል ሆነ። ተፈታኙ 12 በሽተኛ መሳይ ሰዎችን፣ እያንዳንዱን ለ15 ደቂቃ እያነጋገረና እየመረመረ ያያል። ፈተናው የሚሰጠው በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ብቻ ስለ ነበረ፣ በአሜሪካ ለማከም የፈለገ ከጐንደርም ሆነ ከጅማ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ቪዛ አግኝቶ፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ ችሎ፣ ለፈተናውም ከ1,000 ዶላር በላይ ከፍሎ እዚያው ድረስ መሄድ ነበረበት። ከራሳቸው ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የወጡት አብዛኞቹ ያልፉ ስለ ነበር፣ ይህን ሁሉ ወጪ ለምን እናወጣለን የሚል ቅሬታ ተነሣ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ፈተናው ቆመ፤ በ2021 መጀመሪያም ከነጭራሹ መቅረቱ ተነገረ።

በሽተኛ መሳዩ ሰው ሲሄድ የቀረው ኮምፒዩተሩ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የኮምፒዩተር ድል አድርጎ ያየው ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም። የቀረው ስለረከሰና በየከተማው ሊሰጥ ስለሚቻል ነው። በ1938 የጆንሰንን መኪና ተወዳጅ ያደረጋት ምክንያትም ይኸው ነበር።

ሌሎች ሙያዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የአሜሪካ የተመሰከረላቸው የሒሳብ ዐዋቂዎች ፈተና በ2004 ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር፣ ከምርጫው ጋር ተፈታኙ ሰነድ እያገላበጠ፣ ሠንጠረዥ እየሞላ የሚሠራው ጉዳይ ተጨመረበት። በ2012 በብዙ አገሮች ለ15 ዓመት ልጆች በተሰጠው ፒዛ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ደግሞ፣ ተማሪዎች አሠራሩ ያልተነገራቸውን የትኬት መሸጫ መኪና በኮምፒዩተር ላይ እየነካኩ ራሳቸው እንዲደርሱበት ተደርጓል። የተመዘገበው የመጨረሻው መልሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የት ተሳስተው እንዴት እንደ ተመለሱ ጭምር ነው። አንድ ጥሩ መምህር በጐን ቆሞ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ ሲጀመር በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር እንዲሰጥ ተደርጓል። ወረቀት ማተሙ፣ ማጓጓዙና መጠበቁ ያስከተለውን ድካምና የፈተና ስርቆትን መከራ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥድፊያ የሚታረም የወረቀት ክምርም ቀንሷል። ጥሩ የሥራ ጉዳይ አዘጋጅቶ ለኮምፒዩተር ማቅረብ ደግሞ ብዙ ባለሙያና ብዙ ዓመት እንደሚጠይቅ ከአሜሪካኖቹ ታሪክ አይተናል፤ በአንድ ክረምት የሚሆን አይደለም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠውን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመራቂ እናስበው። ነገ በአንዱ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ተቀጥሮ የሚጠብቀው ሥራ ያልተመዛዘነ መዝገብ፣ የጐደለ ደረሰኝና የዓመቱ መዝጊያ ነው። በፊቱ የነበረው ኮምፒዩተር ያንን መዝገብ ከፍቶ ዝጋው ሊለው፣ የዘጋበትንም መንገድ መስመር በመስመር ሊመዘግብ ይችል ነበር። የጠየቀው ግን ከአራቱ ፊደላት አንዱን እንዲመርጥ ነው።